የጎደጎደው ሞረድ

ይህ የደረሰብኝ ነገር ነው።

"ህልም ነው"፣ "ድካም ነው" ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ተመለሱ። ለመከራከር ትዕግስት የለኝም። ተኝቼ አልነበረም። ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት... ምሳ ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ በመስኮቱ እየገባ፣ በአባቴ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው።

ሰው ሌሊትን ይፈራል። እኔ ከዚያ ወዲህ የምፈራው ምሳ ሰዓትን ነው።

ቤቱ ጠባብ ነው። ሦስት ወንበሮች ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተደርድረዋል። ፊት ለፊታቸው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ አንድ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ሥር መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ውኃ የሞላበት ሰማያዊ ሳፋ።

ሳፋው ውስጥ ሞረዶቹ፣ የምላጭ መሳያ ድንጋዮቹ፣ ይተኛሉ።

የእኛ ቤት ፂም የሚላጨው ተጠቅመው በሚጥሉት ምላጭ አይደለም። እንደ ሰንጢ በሚታጠፈው፣ በድንጋይ በሚሳለው ነው። ደንበኞቻችን ሌላ ምላጭ ፊታቸውን እንዲነካ የማይፈቅዱ ግትር ሽማግሌዎች ናቸው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እነሱን ሲላጭ ኖረ።

ከዚያ ስትሮክ መታው።

ቀኝ ጎኑ ሞተ። አንደበቱ ተያዘ። የቀረው ግራ እጁና ዓይኑ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ዓይኑን ከጨፈነ "አዎ" ነው። ሁለት ጊዜ ከጨፈነ "አይደለም"። በዚህ ነው የምንግባባው።

ጓዳ ውስጥ ስናስተኛው እንባው ዝም ብሎ ይፈሳል። ስለዚህ ጠዋት አውጥተን መሃለኛው ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን። ቀኑን ሙሉ ከመስታወቱ ጋር ተፋጦ ይውላል።

እናቴ የለችም። ፀጉር ቤቱን የሚያሠራው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳጣ ተመልሼ መጣሁ። አጎቴም ሥራ ሰጠኝ፤ ሞረድ መንከባከብ።

"ምሩቋ" ነበር የሚለኝ። እንደ ስድብ አድርጎ ነው የሚጠራው።

ሥራው የሚከብድ አይደለም። ሻካራውና መካከለኛው ሞረድ ከውኃ አይወጡም። አዲስ ሲዘፈዘፉ ትናንሽ አረፋ ይተፋሉ፤ አረፋው ሲቆም ድንጋዩ ጠግቧል ማለት ነው። ልስልሱ ግን አይዘፈዘፍም፣ ይሰነጠቃል። እሱን በጣት ጠብ ጠብ እያደረጉ ማርጠብ ነው። ውኃው ጠዋት ጠዋት ይለወጣል።

ዋናው ነገር ማስተካከሉ ነው። ምላጭ በተሳለበት ቁጥር ድንጋዩ ይበላል፣ ይጎደጉዳል። በጎደጎደ ሞረድ የተሳለ ምላጭ ስለቱ ይንጋደድና ቆዳ ይይዛል። ስለዚህ ሥራ ስንጨርስ የድንጋዩን ፊት በእርሳስ መስመር በመስመር አደርገዋለሁ። ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ እፈትገዋለሁ። መስመሮቹ በሙሉ ከጠፉ ተስተካክሏል።

አንድ ሌላ ነገርም ልንገራችሁ፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ሞረድ የሚጎደጉደው እንደሚስልበት ሰው እጅ ነው። የአባቴ ሞረድ ሁልጊዜ የሚበላው በቀኝ በኩል፣ ወደ ራሱ በቀረበው ጥግ ነበር። ልጅ ሆኜ አውራ ጣቴን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቼ እጫወት ነበር። ልክ ለእኔ ጣት የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ።

አንድ ቀን አባቴን ሳበላው አንገቱ ላይ ጭረቶች አየሁ። ቀጭን፣ ቀይ፣ ጎን ለጎን።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት አጎቴን።

"ምኑ?"

"አንገቱ ላይ ያለው።"

"የእጅሽ ሥራ ነዋ!" ፎጣውን ትከሻው ላይ ወርወር አደረገ። "ሞረዱን አውጥተሽ እይው። ሾርባ ይቀርብበታል።"

ወንበሩ ላይ ያለው ሽማግሌ በሳሙናው መሃል ሳቀ።

"ትናንት አስተካክዬዋለሁ" አልኩ።

"ምሩቋ፣ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስታደርጊ ነበር? ድንጋይ ማጠብ እንኳ አላስተማሩሽም?"

መካከለኛውን ሞረድ ከሳፋው አወጣሁት። እውነቱን ነው፤ ጎድጉዷል። ጠዋት የለወጥኩት ውኃም ግራጫ ሆኗል። ሳፋው ሥር የድንጋይ ዝቃጭ ተኝቷል... አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ፣ ተረጋግቶ እንደሳለበት።

ድንጋዩን መልሼ ሳፋው ውስጥ ከተትኩት። ነገሩ ገባኝ ብዬ አሰብኩ።

ሱቁ የአባቴ ነው። አባቴ እስካለ ድረስ አጎቴ ተቀጣሪ ነው። አባቴ ከሌለ እኔን እንደ ዝንብ እሽ ብሎ የሚያባርረኝ ይመስለዋል። በየቀኑ ጠዋት ደግሞ ምላጭ ይዞ አባቴ ጉሮሮ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። አንድ ቀን "እጄን አዳለጠኝ" ለማለት አስቀድሞ ሰበብ ማዘጋጀት አለበት። ሰበቡ ደግሞ እኔ ነኝ... የእኔ ሞረድ።

እና ወጥመድ አጠመድኩለት።

ምሳ ሰዓት አጎቴ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ዘንድ እበላለሁ። አባቴ ወንበሩ ላይ ያሸልባል። በሩን እንቆልፋለን፤ ቁልፍ ያለን እኔና አጎቴ ብቻ ነን።

ያን ቀን ከመውጣቴ በፊት ሞረዱን በእርሳስ አሰመርኩትና ሳፋው ውስጥ መለስኩት።

ስመለስ በአንድ ጥግ መስመሮቹ የሉም።

ተጠርገዋል። ሌላው ቦታ ላይ ግን እርሳሱ እንዳለ አለ።

"እትዬ፣ ምሳ ሰዓት አጎቴ ሲመለስ አይተሽዋል?" አልኳት ልብስ ሰፊዋን።

"እሱ? በዚህ ሲያልፍ ሳላየው?" መርፌዋን ከአፏ አወጣች። "እኔ የመርፌ ቀዳዳ የማየው ሴትዮ፣ ያን ሁሉ ሆድ አጣዋለሁ?"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አልመጣም አልኩሽ፣ የኔ ቆንጆ። ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

በማግስቱ አልወጣሁም።

አጎቴ ሲሄድ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ጓዳው መግቢያ ላይ ካለው መጋረጃ ኋላ ቆምኩ። አባቴ ወንበሩ ላይ ጭንቅላቱን ደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ውጭ ሰው ያወራል፣ መኪና ያልፋል።

ምንም አስፈሪ ነገር የለም።

ከዚያ ሰማሁት።

ሽሽሽ... ሽሽሽ... ሽሽሽ...

ይህን ድምፅ ከስሜ በፊት ነው ያወቅሁት። ምላጭ በረጠበ ሞረድ ላይ ሲሄድ፣ ሲመለስ። ግን የታፈነ ነው። ከውኃ ሥር እንደሚመጣ...

መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አደረግሁ።

ሳፋው አጠገብ ማንም የለም።

ውኃው ግን ይንቀጠቀጣል። ከመሃሉ ግራጫ ደመና ቀስ እያለ ይወጣል።

ቀና ስል መስታወቱን አየሁ። ለቅጽበት ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለው አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል። ትከሻው ይሄዳል... ይመለሳል...

ዞሬ ወንበሩን አየሁ። አባቴ እንደ ቀድሞው ተደግፎ ተቀምጧል።

እንደገና ወደ መስታወቱ። ተደግፎ ተቀምጧል።

ድምፁ ቆሟል።

ሄጄ ሳፋው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ድንጋዩ ግን ይሞቃል። ሲስሉበት የቆየ ሞረድ እንደሚሞቀው፣ ለብ ብሏል።

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። የጎደጎደው በግራ በኩል ነው። ወደሚስለው ሰው በቀረበው ጥግ፣ በግራ።

አጎቴ በቀኙ ነው የሚሠራው። እኔም እንደዚያው። ግራ እጅ ብቻ የቀረው አንድ ሰው ነው።

አባቴ ፊት ተንበረከክሁ። ዓይኑን ገልጧል።

"አባዬ... አንተ ነህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

ሁለት ጊዜ ጨፈነ።

"አጎቴ ነው?"

ሁለት ጊዜ።

"ሌላ... እዚህ ሌላ ሰው አለ?"

ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

አንድ ጊዜ ጨፈነ። ሲገልጠው እኔን አያይም። ከትከሻዬ በላይ መስታወቱን ነው የሚያየው።

እኔ ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ነገሩን ላጣራ ብዬ ሞረዱን አንስቼ በመስታወቱ ፊት ያዝኩት።

በእጄ ያለው በግራ ጎድጉዷል።

በመስታወቱ ያለው፣ እዚያ ውስጥ ለቆመ ሰው፣ በቀኝ።

በቀኝ በኩል፣ ወደ ራሱ በቀረበው ጥግ... አውራ ጣቴን አስገብቼ የምጫወትበት ቦታ።

የመደርደሪያው መሳቢያ ውስጥ የአባቴ የራሱ ምላጭ አለ፤ እጀታው ጥቁር። ከታመመ ጀምሮ ቆልፌበታለሁ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ባለፈው ሳየው ዝገት በልቶት ነበር። ከፈትኩት። እጀታው ላይ አቧራው እንዳለ ነው፣ የጣት አሻራ እንኳ የለበትም።

ስለቱ ግን እንደ አዲስ ያበራል።

አንድ ፀጉሬን ነቅዬ አስጠጋሁት። ሳይነካው የተቆረጠ መሰለኝ።

አጥፌ አስቀመጥኩት። ቆለፍኩበት። እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት። ሱቁን ለሌላ ሰው ላከራይ ነው፤ አባቴን ይዤ እወጣለሁ፤ አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ።

ደንበኛ ስለነበረ አልጮኸም። ፈገግ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ትንፋሹ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

"አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታከራዪው?"

"ልጁ።"

"ልጁ!" ሹክሹክታው ጥርሱ መሃል ነው። "ይሄ በድን ነገ ቢሞት ማን ይጠይቀኛል? ሲላጭ ተንቀጠቀጠ እላለሁ። ሞረዱም የምሩቋ ነው እላለሁ። ደንበኛው ሁሉ ሲሰማ አይደል የከረመው?"

"ጋሼ፣ ወንድምህ እኮ ነው።"

"አንድ ቀን ጠርቶኝ ያውቃል ወንድሜ ብሎ? 'ፎጣ አምጣ'፣ 'ወለል ጥረግ'... እዚሁ መስታወት ፊት፣ ሰው እየሳቀ።"

አባቴን አየሁት። ይሰማል። ዓይኑን አንድ ጊዜ ጨፈነ።

አዎ። እንደዚያ ብዬው ነበር ማለቱ ነው።

ለአባቴ ያኔም ሆነ ዛሬ ጥብቅና አልቆምም። ክፉ አሠሪ ነበር። ግን በድን አይደለም፤ አባቴ ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት አጎቴ እንደ ወትሮው ሄደ። ወዲያው ምላጮቹን በሙሉ ከመደርደሪያው ለቅሜ በፎጣ ጠቀለልኩና ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ወሰድኳቸው። አባቴን ተሸክመን የምንወስድበት ታክሲ እንድትፈልግልኝም ነገርኳት። ሁሉንም ወሰድኩ።

ከአንዱ በቀር። መሳቢያውን እንደገና መክፈት አልደፈርኩም።

"ታክሲው መጣ" አለችኝ ልብስ ሰፊዋ ከደጅ ተመልሳ። "አጎትሽ ግን አሁን በፍጥነት ገባ። ምን ረስቶ ነው?"

ሮጥኩ።

በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ትቶታል፤ የእኔ አይገባም። በመስታወት በሩ ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል። መሳቢያው ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቋል። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከአባቴ ወንበር ኋላ ቆሟል። በአንድ እጁ የአባቴን ግንባር ወደ ኋላ ይዟል። በሌላኛው ጥቁሩን ምላጭ።

የአባቴን አገጭ በሳሙና አረፋ ሸፍኖታል። ጠዋት የተላጨውን ሰው።

"ክፈት!" በሩን በጡጫ ደበደብኩት። "ክፈት አንተ! ሰው እያየህ ነው!"

አልዞረም። ወደ አባቴ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ክርኑ ከፍ አለ።

መስታወቱን ያየሁት ያኔ ነው።

በዚህ በኩል አጎቴ ቆሟል፣ አባቴ ተቀምጧል።

በዚያ በኩል... ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አጎቴ ነው። አገጩ ላይ አረፋ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተይዟል። ዓይኑ ፈጧል።

ከኋላው የቆመው አባቴ ነው። ቀጥ ብሎ። ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ ፎጣው ትከሻው ላይ። ምላጩን በቀኝ እጁ ይዟል... በሞተው እጁ።

አጎቴም መስታወቱን አየ። በዚህ በኩል ያለው አጎቴ። ትከሻው ደረቀ።

በመስታወቱ ውስጥ ምላጩ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄደ። በእርጋታ። አባቴ ሁልጊዜ እንደሚሠራው፣ ትንሹን ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ።

ድምፅ አልነበረም።

ከጎኔ ልብስ ሰፊዋ ደርሳለች። "ምን እያደረገ ነው?" አለች። "ለምንድን ነው እንደዚህ የሚንቀጠቀጠው?"

"መስታወቱን እይ... መስታወቱን!"

"ምኑን? ፀሐዩ እያንጸባረቀብኝ..."

የበሩ ቁልፍ ከውስጥ ተንቋቋ። የከፈተው አጎቴ ነው።

ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል።

እስከ ጆሮው። ተጠንቅቆ፣ በብሩሽ እንደተቀባ። ከአረፋው ሥር፣ አንገቱ ላይ ዙሪያውን፣ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር አለ። ጥልቅ አይደለም። ቆዳ ብቻ። ልክ በልክ።

እኔን አላየኝም። በመሃላችን አልፎ ወጣ። በጠራራው ፀሐይ፣ በሰው መሃል፣ አረፋው እየተንጠባጠበ ቀጥ ብሎ ሄደ። አንድ ሰው ሳቀበት።

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። የት እንዳለም አልጠየቅሁም።

እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። ልብስ ሰፊዋ ደጃፉ ላይ ቀረች፤ "ልግባ?" አለች ግን አልገባችም።

ጥቁሩ ምላጭ ወለሉ ላይ ወድቋል። ታጥፏል፤ ደረቅ ነው፤ ጠብታ ደም የለበትም። አባቴ ወንበሩ ላይ ነው። አገጩን ነካሁት። ደረቅ ነው። አረፋ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም። ጉሮሮው ላይ የቆዩት ጭረቶች እንጂ አዲስ ነገር የለም። ይተነፍሳል። ቀኝ እጁ እንደ ወትሮው ጭኑ ላይ ተጥሏል።

"አለቀ" አልኩት። "አባዬ፣ አለቀ። ታክሲው ደጅ ነው። እንሂድ።"

አይሰማኝም። መስታወቱን ያያል።

ቀና አልኩ።

መስታወቱ ውስጥ ወንበሩ ባዶ ነው።

አባቴ ከኋላው ቆሟል። ምላጩን ትከሻው ላይ ባለው ፎጣ ይጠርጋል... በአንድ በኩል፣ ገልብጦ በሌላው በኩል። ከዚያ አንገት ላይ የሚታሰረውን ጨርቅ ከወንበሩ ላይ አንስቶ አራገፈው፤ ደንበኛ ሲነሳ ፀጉሩን እንደሚያራግፈው። አጥፎ ክንዱ ላይ ጣለው።

ሽሽሽ... ሽሽሽ... ሳፋው ውስጥ ያለው ውኃ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

በመስታወቱ ውስጥ ያለው አባቴ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ፈገግ አለ። ቀጣዩን ደንበኛ ሲጠራ እንደሚያደርገው፣ በቀኝ መዳፉ የባዶውን ወንበር መደገፊያ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

እዚህ፣ ከእጄ ሥር፣ ወንበሩ ላይ ያለው አባቴ አየኝ።

ሁለት ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ።

እንደገና ሁለት ጊዜ።

እንደገና...